ጣቢያው ብቻ ነው የቀረው

አያ ጀላል የልጃቸውን ሞት ሳይሰሙ እኛ መካነ ሰላሞች ሁላችንም ሰምተን ነበር። የኛ አገር ነገር እንዲህ ነው፤ ባለጉዳዩ መጨረሻ ነው የሚሰማው።

ሁዜይፋን ባሕር በላው። ከጅቡቲ ወደ ማዶ ሲሻገሩ ጀልባዋ ተገለበጠች። አብሮት የሄደው የከላላው ልጅ ሙጀሂድ ጀሪካን አቅፎ ወጣና ደወለ። ለአባትየው አልደወለም፤ በምን አፉ! ለሼህ ረመዳን ደወለ። ሼህ ረመዳን ለእድራችን ዳኛ ለጋሽ እንዳልካቸው ነገሯቸው፣ ሁለቱ ተቀምጠው መከሩና "ባሲማ እስክትገላገል አይነገርም" ብለው ቆረጡ። ባሲማ የአያ ጀላል ሴት ልጅ ናት፤ ከላላ ነው ያገባችው፣ ወሯም ገብቶ ነበር። ለአባት የተነገረ መርዶ እህት ዘንድ መድረሱ አይቀርም፣ ድንጋጤ ደግሞ ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ስለዚህ ዝም ተባለ። ከተማው በሙሉ አፉን ሰፋ።

እሺ፣ ለባሲማ ይሁን። ለእኔስ ማን አሰበልኝ? ሰውየው በየቀኑ የሚመጡት እኔ ሱቅ ነው!

መናኸሪያው ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ይታይሽ ብሎ የጠየቀ ሁሉ ያገኘኛል፤ ምላሴ ረጅም ነው ብለውም ይጠቁሙታል፣ ግድ የለኝም። አያ ጀላል ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያው መናኸሪያ ትኬት ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ኑርጃን ወደ አኼራ ከሄደች ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሥራቸው አንድ ሆነ፤ ቤት መሥራት። የወረቀት ቤት።

ነገሩን ያመጣው ሁዜይፋ ነው። አዲስ አበባ ሄዶ የባቡር ምህንድስና ተማረ። ያን ጊዜ ባቡር በኮምቦልቻ በኩል መጣ መጣ የሚባልበት ጊዜ ነበር፤ አባትየውማ ከእኛም ይደርሳል ብለው መሬት የሚነኩ አይመስሉም ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ባቡሩም ወሬ ሆኖ ቀረ። ልጁ ዲግሪውን ይዞ፣ መርካቶ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛትን መጫወቻ ባቡር በካርቶን ታቅፎ ተመለሰ። በፍላሽ ደግሞ የቤት ሥዕሎች አምጥቶ ነበር። በወፍራም ወረቀት ይታተማሉ፣ ይቆረጣሉ፣ ይታጠፋሉ፣ በኮላ ይጣበቃሉ፤ ሲያልቁ ክብሪት ሣጥን የምታህል፣ በርና መስኮት ያላት ቤት ይወጣሉ። ሳሎናቸው መሀል ጠረጴዛ ላይ ኮምፔርሳቶ ጭኖ ሐዲዱን ክብ አድርጎ ዘረጋና ዙሪያውን መካነ ሰላምን ልሠራ ነው አለ። ባቡር የገባላት መካነ ሰላም!

ሰው ሳቀበት። "ኢንጂነር፣ ባቡሩ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?" እያለ የሚያልፈው ሁሉ ነካ ያደርገው ነበር። እኔም ስቄበታለሁ፤ ማን ያልሳቀ አለ? ሥራ ፈትቶ መዋል ያንገበግባል፣ መሳቂያ መሆን ሲጨመርበት ደግሞ እግር ያበቅላል። አንድ ቀን "ደሴ ሥራ አገኘሁ" አላቸው። የደሴውን ትኬት ራሳቸው አያ ጀላል ቆረጡለት። መስኮቱ ጋ ቆሞ "አባ፣ ቤቶቹን አንተ ጨርሳቸው። ጣቢያውን ግን እንዳትነካብኝ፣ እሱን ስመጣ እኔ ነኝ የምሠራው" ብሏቸው ሄደ። ደሴ መሻገሪያው ብቻ እንደነበረች ከቆየ በኋላ ነው የገባቸው። "በረሃ ላይ ኔትወርክ የለም" እያሉ ነው ስልኩን የሚጠብቁት።

እኔ እንግዲህ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ከፍላሹ ቤቶቹን ላትምላቸው ነው።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ይታይሽ!"

"ወአለይኩም ሰላም አያ ጀላል፣ ይግቡ ይግቡ።"

"ያቺን ባለ ፎቁን አትሚልኝ። ጭስ ማውጫውን ግን ተይው።"

"አብሮ ነው እኮ የሚታተመው።"

"እንግዲያስ እቆርጠዋለሁ። ፈረንጅ ቤቱ ላይ ቀንድ ማብቀል ምን እንደሚያደርግለት አላህ ይወቅ።"

ቤቶቹ የፈረንጅ ናቸው፣ ቀይ ሸክላ የለበሱ። እሳቸው ጭስ ማውጫውን ይገነጥሉና ግድግዳውን ጭቃ ቀለም ይቀቡታል። ጣሪያውን የተማርኩት ከሳቸው ነው፤ የብስኩት ካርቶን ውሃ ነካ ያደርጉና የላይኛውን ልጣጭ ሲገፉት ከሥሩ ያ ሸንተረር ሸንተረሩ ይወጣል። ብርማ ቀለም ሲቀባ ቁርጥ ቆርቆሮ ነው። የኔን ሱቅ ሲሠሩ ዝናብ የሚያስገባውን ቀዳዳ ሳይቀር በመርፌ በስተው አሳዩኝ። "ይህን እንኳ ቢተዉት ምን ነበረበት?" አልኳቸው። "ከተማው ሲያየው ታፍሪና ታስደፍኚዋለሽ" አሉኝ።

እኔ ሳቅሁ። ግን ልጁ የለም እኮ! ለማን ነው ይህ ሁሉ ቤት?

መብራቱን ያስገባነው ሁለታችን ነን። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ መበየጃው እኔ ጋ ቀርቷል፣ ሽቦ ማያያዝም አያቅተኝም። አያ ጀላል የበዓል መብራት ገመድ ገዝተው መጡ፣ አምፖሎቹን አንድ አንድ እየቆረጥኩ በየቤቱ ሆድ ውስጥ ከተትኳቸውና ከባጃጅ ባትሪ ጋር አገናኘሁት። መጀመሪያ የበራው የሼህ ረመዳን ቤት ነው። ሲበራ ግን መስኮቱ አይደለም የበራው፣ ግድግዳው በሙሉ ፋኖስ ሆኖ ቁጭ አለ። ወረቀት አይደል? አያ ጀላል እንደዚያ ቀን ሲከፋቸው አይቻቸው አላውቅም።

"ይህ ቤት አይደለም" አሉ። "ሰው በቤቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ በግድግዳ ያሳያል እንዴ? ብርሃን በመስኮት ነው መውጣት ያለበት።"

የሻይ ቅጠል ፓኬት ውስጡ የሚያብረቀርቅ አይደለም? እሱን ሰብስቤ አመጣሁላቸው። የሠሩትን ሁሉ ጣሪያቸውን እየከፈቱ ከውስጥ ለበጧቸው። ነጭ ብርሃኑ ደግሞ ሐኪም ቤት ይመስላል ብለው በመስኮቶቹ ላይ የከረሜላ ልጣጭ፣ ያንን ቢጫውን፣ ለጠፉበት። ከዚያ በኋላ ሲበራ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰው ያለበት ቤት መሰለ።

ከሁሉ የከበደኝ ፊቴን መደበቅ ነበር። አንድ ቀን ወረቀት እስኪታተም ሲጠብቁ በረንዳው ላይ ሆነው መናኸሪያውን እያዩ "ትኬት ስቆርጥ ማንን ከሩቅ ለይቼ አውቅ እንደነበር ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

"ማንን?"

"መርዶ ይዞ የሚሄደውን። ገና በጠዋቱ፣ በመጀመሪያው መኪና ነው የሚሄዱት። ሦስትም አራትም ሆነው ይመጣሉ፣ ሻንጣ የላቸውም፣ ጋቢ አጣፍተው። ዋጋ አይከራከሩም። ፊታቸውን የተከራዩት ይመስል ወዴት እንደሚያደርጉት አያውቁም። ሳልጠየቅ ፊተኛውን ወንበር እሰጣቸው ነበር፤ ቶሎ ይድረሱና ይገላገሉት ብዬ።"

እኔ ማተሚያው ላይ ተደፋሁ። ወረቀት ነክሷል ብዬ ክዳኑን ከፍቼ ጭንቅላቴን ከተትኩ። ምንም አልነከሰም። ቀለም አፍንጫዬ ላይ ነክቶኝ ስወጣ "ነገር ዓለሙን ትተሽ ታጠቢ" ብለው ሳቁና ወረቀታቸውን ይዘው ሄዱ።

የዚያን ዕለት ጋሽ እንዳልካቸው ቤት ሄድኩ። እሳቸው ሰው አይጣሉም፣ ሰው ግን ያናድዳሉ።

"ንገሯቸው!" አልኳቸው። "ሰውየው ለልጃቸው ቤት እየሠሩለት ነው እኮ! በየመስኮቱ ከረሜላ እየለጠፉለት ነው!"

"ባሲማ ትገላገል፣ ይታይሽ።"

"ባሲማ ከተገላገለች በኋላ ደግሞ አራስ ናት ትላላችሁ! ከዚያ በዓል ነው፣ ከዚያ አዝመራ ነው! ሰው ሬሳውን እንኳ ሳያይ በልጁ ሞት ላይ ስንት ጊዜ ቡና ይጠጣ?"

"አንቺ ዛሬ ብትነግሪው እሱ ዛሬ ያውቃል፣ ባሲማም ትሰማለች። ልጅቷ ብትሞትስ? ለሁለት ልጅ መርዶ ማን ሊነግረው ነው፣ አንቺ?"

 የሽማግሌ ክፋቱ ይኸው ነው፤ እያናደደህ እውነቱን ይነግርሃል። ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።

ባሲማ ተገላገለች። አያ ጀላል መንገዱን ተሻግረው የመጡት ሮጠው ነው፤ ሮጠው! ባጃጅ ሊበላቸው ነበር።

"ወንድ ነው! ይታይሽ፣ ወንድ! እናቱም ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ!"

"እልልል! እንኳን በሰላም ተገላገለች!" አልኩ። እልልታዬ መሀል ላይ ተሰበረብኝ፣ እሳቸው የደስታ መሰላቸው።

"ስሙን ማንም እንዳያወጣ ብያቸዋለሁ። አጎቱ ይደውልና እሱ ነው የሚያወጣለት። ኔትወርክ ያገኛል ሰሞኑን፣ ልቤ ነግሮኛል።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ቤቶቹም አልቀዋል። ነገ ማታ ከመግሪብ በኋላ ሁላችሁንም እጠራለሁ፤ ሼሃችንንም እንዳልካቸውንም። ሁላችሁም ቤታችሁ ሲበራ ታያላችሁ። አንቺ ሽቦውን ትይዣለሽ።"

"እሺ" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ሱቄን ስዘጋ ጋሽ እንዳልካቸው መጡ። "ነገ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ እንነግረዋለን" አሉኝ። "ሴቶቹን ይዘሽ አጥሩ ጋ ቁሚ።"

"ነገ ማታ መብራቱን ሊያሳዩን ጠርተውናል እኮ! ለአንድ ቀን ብትተዉላቸው ምን አለበት?"

"ሙጀሂድ ዛሬ ከላላ ገብቷል። በእግሩ ተሸሽጎ ነው የገባው፣ ግን ተሸሽጎ እስከ መቼ? ከገበያ ሰው አፍ ከሚሰማው ከኛ ይስማው።"

ሙጀሂድ ምን በወጣው! ከባሕር የወጣ ልጅ ወዴት ይሂድ? ግን በዚያ ሰዓት ረገምኩት፣ ማርያም ይቅር ትበለኝ።

ሲነጋጋ ሄድን። ጤዛው ቀሚሳችንን አራሰው። ወንዶቹ ፊት፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፤ እኛ ሴቶቹ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ከኋላ፣ ከአጥሩ ውጭ ተደብቀን። የእድሩን ድንኳን የጫነው ጋሪ ማዶ ካለው ቅያስ ቆሟል። ደንቡ ይታወቃል፤ ሽማግሌዎቹ ገብተው ይናገራሉ፣ ከውስጥ ጩኸት ሲሰማ እኛ ተቀብለን እናለቅሳለን።

በሩ ተከፈተ። አያ ጀላል ብቅ አሉና አንድ በአንድ አዩዋቸው። ከዚያ ፊታቸው በራ።

"መርሐባ! መርሐባ! ለልጅ ልጄ ነው እንዲህ በጠዋቱ? ግቡ እንጂ፣ ግቡ!"

ሼህ ረመዳን "ጀላል፣ እስቲ ተቀመጥ" ሲሉ ከደጅ ሰማሁ።

"ቆይ ሼሃችን፣ ቆይ። ማታ ብያችሁ ነበር፤ ከመጣችሁማ ማን ይመልሳችኋል? አሁኑኑ ታያላችሁ። ይታይሽስ? ይታይሽ የለችም? ይታይሽ!"

በአጥሩ ላይ አሻግረው ጠሩኝ። ምን ላድርግ! ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ዓይኔን ጠራርጌ ገባሁ። ለምን አጥር ሥር እንደቆምኩ አልጠየቁኝም። መስኮቶቹን ዘጉ፣ የበሩን ስንጥቅ በብርድ ልብስ ጋረዱ። ቤቱ ጨለመ። የሽማግሌዎቹ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ሽቦውን እጄ ላይ አኖሩልኝ፤ እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር።

"በይ፣ በቢስሚላህ።"

ሽቦውን ከባትሪው አገናኘሁት።

መካነ ሰላም በራች። እኔ ራሴ የገጣጠምኩት መሆኑን ረሳሁ። ቢጫ መስኮት በመስኮት፣ መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ገበያው፣ መናኸሪያው። አያ ጀላል ባቡሯን አስነሷት፣ ኩር ኩር እያለች ከተማውን መዞር ጀመረች።

"ይህ የሼሃችን ቤት ነው፤ ልጆችን ቁርኣን የሚያስቀሩበት ክፍል ይኸው፣ ሁለት መስኮት አድርጌለታለሁ። ይህ የእንዳልካቸው። በረንዳው ጎብጧል አትበለኝ፣ አንተ ካላስጠገንከው እኔ ከየት አቅንቼ ልሥራው? ይህ የይታይሽ ሱቅ፣ ከነቀዳዳው።" ማንም አልሳቀም። "ይህ የኔ ቤት። በጓሮ በኩል ያለችው መስኮት አየሃት፣ ሼሃችን? የሁዜይፋ ክፍል ናት። ለሷ ሁለት አምፖል ነው ያስገባሁላት።"

ሼህ ረመዳን "አየሁ" አሉ። 

ባቡሯ ዞራ ዞራ አንድ ባዶ ቦታ ጋ ደረሰች፣ በእርሳስ የተከበበ ባዶ ቦታ። ሳትቆም አለፈች።

"ጣቢያው ብቻ ነው የቀረው" አሉ አያ ጀላል።

ከወንዶቹ አንዱ፣ ማን እንደሆነ አላየሁም፣ ጋቢውን አፉ ላይ ጠቀጠቀ። ባቡሯ እንደገና ዞረች። አያ ጀላል ጎንበስ ብለው አቆሟትና ቀና አሉ።

"እንግዲህ ንገሩኝ" አሉ።

"ምኑን?" አሉ ጋሽ እንዳልካቸው።

"እንዳልካቸው፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለናንተ ዓይነት ሰው ትኬት ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። በሩን ስከፍት ነው ያወቅኋችሁ። ለተወለደ ልጅ የመጣ ሰው ከአጥር ጀምሮ ይጮሃል፣ እናንተ ዝም ብላችሁ ገባችሁ። ባሲማን ትናንት በስልክ አናግሬያታለሁ። ስለዚህ እሱ ነው።"

"ታዲያ ካወቅህ... ይህን ሁሉ ለምን..."

"አንዴ ልየው ብዬ ነው" አሉ። "ልጅ እያለኝ። እናንተ ከተናገራችሁ በኋላማ ማን ያየዋል? አሁን ተናገሩ።"

ሼህ ረመዳን "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ። ከዚያ ነገሩን በአጭሩ ተናገሩ፤ ጀልባውን፣ ሙጀሂድን፣ እስከዛሬ ለምን እንዳልተነገራቸው። አያ ጀላል ዓይናቸውን ከዚያች ከጓሮዋ መስኮት ላይ አላነሱም።

"መቃብሩስ?" ብለው ጠየቁ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

"ባሕር" አሉ ራሳቸው።  አልጮሁም፣ ደረታቸውንም አልመቱም። ውጭ ያሉት ሴቶች ጩኸት እየጠበቁ ቆመዋል፣ ከውስጥ ግን ምንም የለም። እኔ ሽቦውን እንደያዝኩ ነኝ፣ እጄን ብለቅ ቤቱ ይጠፋል።  ያን ሁሉ ሰሞን ማተሚያ ውስጥ እየተደፋሁ የዋጥኩት ሁሉ መጣብኝና "ኡኡ! ሁዜይፋዬ! ወንድሜን!" ብዬ ለቀቅሁት። ደንቡ አልነበረም፣ ለኔ አልነበረም መጀመሪያ መጮህ። ግን ማን ይጩህለት?

ሴቶቹ ከአጥሩ ማዶ ተቀበሉኝ። በሩ ተበረገደ፣ ሰው ጎረፈ። አንዱ ብርድ ልብሱን ጎተተው፣ ሌላው መስኮቶቹን ከፋፈታቸው፤ ለቀስተኛ ሊቀመጥበት፣ ፍራሽ ሊነጠፍበት ነበርና ጠረጴዛው ወደ ጥግ መገፋት ነበረበት። ጠዋት ሆኗል፣ የመካነ ሰላም ፀሐይ በሦስቱም መስኮት ገባች። ቤቶቹ ወረቀት ሆኑ። መብራታቸው ግን አልጠፋም፣ እኔ ሽቦውን አልለቀቅሁማ።

አያ ጀላል በለቀስተኛው መሀል አሻግረው አዩኝ።

"ይታይሽ፣ ንቀይው እናቴ" አሉ። "ባትሪው ያልቃል።"

ከእንግዲህ ለማን እንደሚቆጥቡት እንጃ። ነቀልኩት። በዚያ ፀሐይ ላይ መጥፋቱን እንኳ ማንም አላየም።